ኮቶርን ያስቀረችብን አንዲት ቁጥር

ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ባሕር ላሳያት ወሰንኩ። ክሮኤሺያ ሄደን፣ የአድሪያቲክን ዳርቻ ይዘን ከዛዳር እስከ ዱብሮቭኒክ፤ ከዚያ ድንበር ተሻግረን ሞንቴኔግሮ፣ ኮቶር። ሁሉንም በአውቶቡስ።

ዛዳር ጥሩ ነበር። እዚያ ማዕበሉ ከድንጋዩ ደረጃ ስር በተቀበሩ ቧንቧዎች እየገባ ዜማ ያሰማል። ቀጥላ ያለችውን ሺቤኒክን ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ሮጠን ወጣን፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ካቴድራሉ ጣራው ሳይቀር ድንጋይ ነው፤ በውጭ ግድግዳው ላይ ከ70 በላይ የሰው ፊት ተቀርጾበታል። እህቴ የአንዱን ጢም አይታ ጎረቤታችን ነው አለች።

ጉዱ የመጣው ስፕሊት ላይ ነው። ማታ የኮቶር ትኬት ልቆርጥ ፓስፖርቷን ስከፍት ቪዛዋ ላይ የመግቢያ ብዛት 1 ይላል። ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ (በአንድ ቪዛ በሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ) ስለሆነች እስከዚያ ማንም አልጠየቀንም። ሞንቴኔግሮ ግን ሸንገን አይደለችም። እህቴ አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም። የኮቶር ሆቴል ገንዘብ እዚያው ቀለጠ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንንም አላማም።

ጠዋት ተኮራርፈን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄድን። የስፕሊት አሮጌው ከተማ የሮማው ንጉሥ በ305 ገደማ ለጡረታው ያሠራው ግቢ ነው። ሰው ዛሬም ይኖርበታል፤ በዓምዶቹ መካከል የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ ይታያል። ንጉሡ ማን እንደሆነ ስነግራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ዲዮቅልጥያኖስ? ያ ከሐዲው?»

እሱው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ሰማዕታትን የምትቆጥረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ተነሥታ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከእሷ ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑ መቃብሩ አሁን ካቴድራል ሆኗል፤ በኛ አነጋገር ታቦቱ እንበልና፣ የተሰየመው በእሱ ዘመን በተገደለው የአካባቢው ጳጳስ በቅዱስ ዶምኒዩስ ነው። የንጉሡ ሬሳ የት እንደደረሰ አይታወቅም። እህቴ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ጠባቂው ግራ ገብቶት በእጁ መልሺው አላት። እምቢ ብላ በካልሲ ገባች። ኩርፊያው እዚያ አለቀ።

ረቡዕ ስለነበር ጾመኛ ነች። ምን ትበላለች ብዬ ስጨነቅ «ብሊትቫ» የሚባል ነገር መጣ፤ ቆስጣ በድንች፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት። «ይሄማ የኛው ነው፣ ቃሪያ ብቻ ነው የጎደለው» ብላ ሁለት ሳህን ጨረሰች።

ወደ ዱብሮቭኒክ ስንነሳ ሌላ ጣጣ። ሁለቱም ከተሞች ክሮኤሺያ ናቸው፤ ግን በመሃል ኔኡም የምትባል የቦስኒያ ቁራጭ አለች፤ ቦስኒያም ሸንገን አይደለችም። የዱብሮቭኒክ ሪፐብሊክ ቬኒስን ስለፈራች በ1699 ያንን መሬት ለቱርኮች ለቀቀች፤ ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ጣጣው ለእህቴ ተረፈ። በ2022 የተከፈተው 2.4 ኪሎ ሜትር የፔልዬሻትስ ድልድይ ኔኡምን ያስቀራል፤ ሁሉም አውቶቡስ ግን በዚያ አይሄድም። ትኬት ስትቆርጡ «በድልድዩ ነው በኔኡም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሻንጣ ሾፌሩ የሚቀበላችሁን ዝርዝር ዩሮም ያዙ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ በቀኝ ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። እህቴ ድልድዩን እስክናልፍ ፓስፖርቷን ከእጇ አልለቀቀችም።

ዱብሮቭኒክ ጎማ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ አትግቡ፤ ያየሁት ነው፣ ወደ ተከራየነው ቤት የሚወስደው ደረጃ ብቻ ነበር። የዋናው መንገድ ድንጋይ ስንት ዘመን በእግር ተወልውሎ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ለከተማው ዙሪያ ግንብ ብቻ ትኬት አትግዙ፤ የከተማው የቀን ካርድ በዚያው ዋጋ አካባቢ ሆኖ ግንቡንም አውቶቡሱንም ይጨምራል። ግንቡ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ጥላ የለውም። ገና ሲከፈት ወጣን።

ግማሹን ዞረን ስናርፍ «ኮቶር በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በደቡብ ምሥራቅ ያሉትን ተራሮች አሳየኋት። ትንሽ አየችና ውሃዋን ጠጣች።

«በሚቀጥለው ቪዛዬን ከሆቴሉ በፊት አንብበው።»