«ይንሳፈፉ» የተባሉት እናት

ቦታው ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም የማይርቅ አንድ ሆስፒታል፣ የጡት ምርመራ ክፍል ነው። የ67 ዓመት ኢትዮጵያዊት እናት በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ ትራሱ ላይ አርፏል። ባለጎማ መቆሚያ ላይ የተገጠመ ታብሌት አጠገባቸው አለ፤ አማርኛ አስተርጓሚው የሚታየው በዚያ ነው። ነርሷ ለሂፕኖሲስ፣ ማለትም ትኩረትን በንግግር ሰብስቦ ሰውን ለማረጋጋት፣ ከተዘጋጀ ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ አስተርጓሚው ይቀበላታል። «ሰውነትዎ ይንሳፈፍ፤ ሐይቅ ላይ እንደሚንሳፈፉ አድርገው ያስቡት» እንዳለ እናትየው በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ግጥም አድርገው ያዙ። የልብ ምታቸው ከ82 ተነሥቶ 114 ገባ። ራዲዮሎጂስቷ ማደንዘዣ የሞላውን መርፌ መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

ነርሷ ያንኑ ወረቀት ለብዙ ታካሚ አንብባዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም።

የሚሠራው ባዮፕሲ ነው፤ ከእብጠቱ ለምርመራ ናሙና መውሰድ። ቆዳው ሊዶኬይን በሚባል ማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ በምላጭ ጥቂት ሚሊሜትር ይበጣል፤ ከዚያ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ባለ 14 ጌጅ መርፌ በአልትራሳውንድ እየታየ ወደ እብጠቱ ይገባል። መርፌው ባለስፕሪንግ ስለሆነ ናሙና በቆረጠ ቁጥር እንደ ስቴፕለር ቀጭ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ናሙና ይወሰዳል። ታካሚዋ ነቅታ ነው የምትተኛው፤ ድምፁ አስደንግጧት ከተወራጨች መርፌው ቦታውን ይስታል፣ የተቆረጠውም ከእብጠቱ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ስብ ይሆናል። የማረጋጊያ መድኃኒት መስጠት ይቻላል፤ ግን ክትትል ያስፈልጋል፣ ማቆያ አልጋ ያስፈልጋል፣ ወደ ቤት የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ሂፕኖሲስ በዚህ ክፍል ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በራዲዮሎጂስቷ ኤልቪራ ላንግ መሪነት በታተመው ጥናት 241 ሰዎች በደም ሥርና በኩላሊት ላይ በመርፌና በቀጭን ቱቦ የሚሠሩ ሕክምናዎች ሲደረጉላቸው ታይተዋል። በተለመደው አሠራር በአማካይ 78 ደቂቃ የፈጀው ሥራ ሂፕኖሲስ በታከለበት ቡድን 61 ደቂቃ ወስዷል፤ የተወሰደው የማረጋጊያና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም ከግማሽ በታች ነበር።

አካሄዱ አጭር ነው። አንድ ሲባል ታካሚዋ አንገቷን ሳታቀና ዓይኗን ብቻ ወደ ላይ ትሰቅላለች። ሁለት ሲባል ዓይኗ እንደተሰቀለ የዓይን ቆቧን ቀስ አድርጋ ትከድናለች፣ አየር በረጅሙ ትስባለች። ሦስት ሲባል አየሩን ትለቃለች፣ ዓይኗን ታሳርፋለች፣ ሰውነቷ እንዲንሳፈፍ ትተወዋለች። ከዚያ ደስ ወደሚላት ቦታ በሐሳቧ ትሄዳለች። መግቢያው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ታዲያ እዚያ አልጋ ላይ የተበላሸው «ይንሳፈፉ» ላይ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሲባል አስተርጓሚው «በረጅሙ ይተንፍሱ» ብሎ ነበር። አማርኛ ላይ «ተንፍስ» የተባለ ሰው አየር ያስወጣል፤ እናትየውም እፎይ ብለው ያላቸውን አየር ሁሉ ለቀቁት። ወዲያው ሦስት ተባለና አሁንም «አየሩን ይልቀቁ» ተባሉ። የሚለቁት አልነበራቸውም። ትንፋሽ አጥሯቸው ባለበት ሰዓት ነው ሐይቅ ላይ የተጣሉት። ደጋ ተወልደው ያደጉ፣ ዋና የማያውቁ፣ ክረምት ሲመጣ ወንዝ ሰው ሲወስድ የሰሙ ናቸው። በእሳቸው ጆሮ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚገኘው ሬሳ ነው።

አስተርጓሚው አጠፋ ማለት ግን አይቻልም። የሕክምና አስተርጓሚ ሙያ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ የተባለውን እንዳለ ማድረስ ነው፤ እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው። ማዘዣ ላይ የመድኃኒት መጠን ተሳስቶ ቢጻፍ ፋርማሲስቱ ደውሎ ይጠይቃል። እዚህ መድኃኒቱ ራሱ ቃሉ ነው፣ ማዘዣውን ግን ከመሰጠቱ በፊት ያየው አልነበረም። አስተርጓሚው የተገናኘው ታካሚዋ አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።

ምልክት ቀድሞም ታይቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀጠሮ ለስድስት ቀን የተራዘመው በአንድ ቃል ነው። በስልክ የተመደበ ሌላ አስተርጓሚ ሂፕኖሲስን «በንግግር ያደነዝዙዎታል» ብሎ አቀረበው። እናትየው የመጣላቸው አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ማንነቱን ለማያውቁት ሰው የአንገት ሐብላቸውን በገዛ እጃቸው አውልቀው ሰጥተው፣ ቤታቸው ሲደርሱ የባነኑት የጎረቤት ሴት ወሬ። ልጃቸው ደግሞ በስልኳ ስትፈልግ ያገኘችው መድረክ ላይ እንደ ዶሮ የሚያስካኩ ሰዎችን ነው። «እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለች።

ነርሷ ደውላ ጥያቄያቸውን አንድ በአንድ ሰማች። ጥያቄዎቹ ማንም ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው።

እንቅልፍ ነው ወይ? አይደለም። ሰውየው ነቅቷል፣ ይሰማል፣ ይመልሳል፤ ትኩረቱ ግን አንድ ነገር ላይ ስለተሰበሰበ ሌላው ሩቅ ይሆንበታል። ልብ አንጠልጣይ ወሬ የያዘው ሰው ስሙ ሲጠራ እንደማይሰማው ማለት ነው። ግራ መጋባቱን ያመጣው ስያሜው ነው፤ በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጄምስ ብሬድ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ያስለመደው እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙ እንደሚያሳስት ገብቶት በሌላ ሊተካው ሞክሮ ነበር፤ የሰማው የለም።

ምስጢሬን ባወጣስ? የማይፈልጉትን አይናገሩም፤ ካልተመቸዎት ዓይንዎን ይገልጣሉ፣ አለቀ። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ሂፕኖሲስን የጠፋ ትዝታ ማውጫ ለማድረግ ሲሞከር ሰውየው ያልሆነውን ጨምሮ ያወራል፣ በተናገረውም ከበፊቱ የበለጠ እርግጠኛ ይሆናል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 በእንዲህ ያለ ትዝታ ላይ መተማመን እንደማይቻል አስታውቋል። «የተረሳ የልጅነት ቁስልህን አወጣልሃለሁ» ከሚል ሰው መሸሽ ነው።

ባልነቃስ? ይህን ጥያቄ ክፍሉ በኋላ ሳያስበው በተግባር መለሰው፤ እንደርስበታለን።

ልጅቷ ሁሉም ሰው ላይ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች። መጠኑ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1959 ስታንፎርድ ላይ የተዘጋጀው መለኪያ 12 ፈተናዎች አሉት፤ እጅ በራሱ እየከበደ መውረዱን፣ የተቆላለፈ ጣት አልላቀቅ ማለቱን የመሳሰሉ። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው ወዲያው ይገባለታል፣ ያንኑ ያህሉ እምብዛም አይነካውም፣ የተቀረው መሐል ላይ ነው። ለባዮፕሲ ግን ይህን መለካት ጊዜ ማባከን ነው፤ መሐል ላይ ያለውም በቂ ጥቅም ያገኛል። እግረ መንገዷን ስለ ባሏ ሲጋራና ስለ ራሷ ሆድም አነሣች። ሲጋራን ለማስተው ከሌላው ዘዴ ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፤ «በአንድ ቀጠሮ ትተዋለህ» የሚለውን ማስታወቂያ ማለፍ ነው። አይቢኤስ ለሚባለው፣ ምርመራ ምንም ሳያሳይ ለሚነፋና ለሚቆርጥ ሆድ ግን ጥሩ ማስረጃ አለ። የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 ማንቸስተር ላይ በ30 ሰዎች ተሠርቷል፤ ዛሬ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ 12 ወር መድኃኒት ተሞክሮ ላልረዳው ሰው ከሚያቀርባቸው አማራጮች አንዱ ሂፕኖሲስ ነው። ሰመመንን ይተካል ወይ ለሚለውም የቤልጂጓ ሊዬዥ ትጠቀሳለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሳይቀር ያለ ሙሉ ሰመመን ይሠራበታል። ነገር ግን የቦታ ማደንዘዣና ጥቂት ማረጋጊያ አብሮ ይሰጣል። በወሬ ብቻ የሚቀደድ ሰው የለም።

እናትየውን ያሳመናቸው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። «በልቤ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ይሆናል?» አሉ። ይሆናል ተባሉ። መጡ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ተደክሞበት ነው «ይንሳፈፉ» የተባለው።

ነርሷ ወረቀቱን አጠፈችው። እናትየው ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ «ደስ የሚልዎት ቦታ የት ነው?» ብላ አልጠየቀችም፤ ስደት ላይ ያለን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ የናፈቀውን መቀስቀስ ይሆናል። የጠየቀችው «ሰዓቱ ሳይታወቅዎ የሚያልፈው ምን ሲሠሩ ነው?» ብላ ነው። «ጥጥ ስፈትል» አሉ። የት ተቀምጠው? በረንዳ ላይ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው። ምን ይሰማል? ጎረቤት ሸማኔ ስላለ መወርወሪያው ሲመላለስ ይሰማል። ባዘቶው በግራ እጅ ነው፤ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሽተው ለቀቅ ያደርጉታል፣ እየሾረ ክሩን ያጠነክራል። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሁሉም በራሳቸው አፍ ተነግሮ ተጻፈ።

አስተርጓሚውም ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ በየዓረፍተ ነገሩ መቀባበል ቀረ። በእንግሊዝኛ «ይዝጉ» የሚለው ከፊት፣ በአማርኛ ከኋላ ስለሚመጣ ነርሷና አስተርጓሚው ሲቀባበሉ እናትየው ትንፋሽ በጨረሱ ሰዓት ነበር ትእዛዙ የሚደርሳቸው። አሁን ነርሷ አስቀድማ ሙሉውን ነገረችው፣ አብረው ቃል መረጡ፣ እሱ ብቻውን በዝግታ ተናገረ። «አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ… አሁን ያውጡት።» «ዘና ይበሉ» ወጥቶ «ትከሻዎን ይጣሉት» ገባ። «ይንሳፈፉ» ወጥቶ «ሰውነትዎ በአልጋው ላይ ይረፍ፣ አልጋው ይሸከምዎ» ገባ። የቀኝ አመልካች ጣት ከተነሣ ደህና ነኝ፣ መዳፍ ከተከፈተ አቁሙ ማለት እንዲሆን ተስማሙ።

ከሁሉ ያስቸገረው «አይዞዎት» ነው። ለእኛ ደግነት ነው፤ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ግን የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው፣ ማንም ደህና ሆኖ ሳለ አይዞህ አይባልምና። የላንግ ቡድን የሕክምና ክፍል ንግግሮችን በቪዲዮ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ይህንኑ የሚመስል ነው፤ «አሁን ትንሽ ያምዎታል» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ሕመሙንም ጭንቀቱንም ከፍ ያደርጋል፤ ከመርፌው በኋላ በዚያው አነጋገር ማዘኑም ሕመሙን ባይጨምር ጭንቀቱን ይጨምራል። «አያምዎትም» ማለትም ውሸት ከመሆኑ ሌላ ጆሮ ላይ የሚቀረው «ያምዎታል» ነው። የተመረጠው ይህ ነበር፦ «ዶክተሯ አሁን ማደንዘዣውን ትሰጥዎታለች። አንዳንዱ ሰው ቅዝቃዜ፣ አንዳንዱ ሙቀት ይሰማዋል፤ ከዚያ ቦታው ይደነዝዛል።» የመርፌውን ድምፅ ደግሞ ሸማኔው ወሰደው፤ ቀጭ ሲል መወርወሪያው ነው ተባሉ።

ሦስት ናሙና ተወሰደ። የልብ ምቱ ከ88 አላለፈም። ጣታቸው በየጊዜው ይነሣል፣ ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያሙም፣ ፈትሉም ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛው ሲቀር ታብሌቱ ኔትወርክ አጣና ጨለመ። ነርሷ አማርኛ አታውቅም፣ ራዲዮሎጂስቷም አታውቅም፤ መርፌው ገና አልወጣም። ተጠባባቂ የስልክ መስመር ቀድሞ መደወል ነበረበት፤ አልተደወለም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ተባለ። እናትየው አንድ ዓይናቸውን ከፈቱና ታብሌቱን አዩት። «ልጄ፣ የት ሄድክ?» አሉ። መልስ ሲያጡ ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ፣ ትከሻቸውን ጣል አደረጉ፣ አመልካች ጣታቸውን አነሡ።

ራዲዮሎጂስቷ አራተኛውን ወሰደች። መርፌው ወጥቶ ነርሷ ደሙ እንዲቆም ቦታውን ለአሥር ደቂቃ በፋሻ ተጭና ይዛ ሳለ ታብሌቱ በራ። ሌላ አስተርጓሚ ነበረች። «ሰላም እማማ፣ በምን ልርዳዎት?» አለቻቸው።