ጀማሪ ጠላቂ ሳለሁ ኮርሱንም ዕቃውንም በምን ቅደም ተከተል ያዝኩት

ኦፕን ዋተር የሚባለውን የመጀመሪያ ሰርተፍኬት እንደያዝኩ ሁለት ዝርዝር ጻፍኩ። አንዱ ልወስዳቸው የምፈልጋቸው ኮርሶች፣ ሌላው ልገዛቸው የምፈልጋቸው ዕቃዎች። ሁለቱንም ባንዴ የሚሸፍን ገንዘብ አልነበረኝም። ቅደም ተከተል ማውጣት ነበረብኝ።

ዕቃውን የለየሁት በአንድ ጥያቄ ነው። በኪራይ ይሆናል ወይስ የግድ የራሴ መሆን አለበት? ኮርሱን ደግሞ በሌላ። አሁን ያቃተኝን ነገር ያስችለኛል? ከሁለቱም የተረፈው ገንዘብ በሙሉ ውሃ ውስጥ ለመግባት ዋለ። ዛሬም አዲስ ጠላቂ ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ሰርተፍኬቱ ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር ድረስ መጥለቅ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ቶሎ ወደ 30 ሜትር መሄድ ያምረዋል። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆየሁ። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ከውሃው ወለል እስከ 10 ሜትር ስንወርድ ግፊቱ ከ1 ባር ወደ 2 ባር ይደርሳል፤ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከ20 እስከ 30 ሜትር ያለው ለውጥ ግን ከ3 ወደ 4 ባር ነው። ስለዚህ በቢሲዲው (አየር እየተሞላና እየተለቀቀ መንሳፈፍን በሚቆጣጠረው ጃኬት) ውስጥ ያለው አየር በብዛት የሚጨመቀውና የሚለጠጠው ላይኛው 10 ሜትር ላይ ነው። ሚዛን ጠብቆ መቆየት የሚከብደውም እዚያው ነው። 5 ሜትር ላይ ሳይወጣና ሳይወርድ ረግቶ መቆም የቻለ ሰው ሌላው ጥልቀት አይከብደውም።

የክብደት ጉዳይም አለ። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ ወደ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ይህ አየር ራሱ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አብዛኛው ተተንፍሶ ሲያልቅ ጠላቂው ከ2 ኪሎ በላይ ቀሎ ይገኛል። ስለዚህ የእርሳስ ክብደቴን የምለካው መጨረሻ ላይ ነው። ሲሊንደሩ 50 ባር አካባቢ ሲቀረው 5 ሜትር ላይ ቢሲዲውን ሙሉ በሙሉ አስተነፍሰዋለሁ። ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ እዚያው መቆየት ከቻልኩ ክብደቴ ልክ ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ቀነስኩ። ክብደቱ ሲቀንስ ቢሲዲው ውስጥ የምሞላው አየርም ቀነሰ፣ ድካሙም ቀነሰ፣ የምተነፍሰው አየርም እንዲሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ማስክ ነው። የሰው ፊት ስለሚለያይ የኪራይ ማስክ ለሁሉም አይሆንም። ፊቱ ላይ ልክ ያልሆነ ማስክ ውሃ ያስገባል፣ ውሃ የሚያስገባ ማስክ ደግሞ ሐሳብን ሁሉ ይወስዳል። ስመርጥ ማሰሪያውን ሳላጠልቅ ፊቴ ላይ አስጠግቼ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አየር ሳብኩ። እጄን ስለቅ ካልወደቀ ይሆናል ማለት ነው። ዋጋውንና መልኩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በዓይናችሁ ልክ የሚሠራ መስታወት ያላቸው ማስኮች አሉ።

ሁለተኛው ዳይቭ ኮምፒውተር ነበር። ብዙዎች ከሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ከምንተነፍስበት ዕቃ) በኋላ ይገዙታል። እኔ አስቀደምኩት። ኮምፒውተሩ የሚከታተለው የያዘውን ሰው ነው። ሰውነት ውስጥ የገባውን ናይትሮጅን የሚያሰላው ከጠዋቱም ሆነ ከትናንቱ መጥለቅ ተነስቶ ነው። በየቀኑ ሌላ ኮምፒውተር ከተከራያችሁ ያ ታሪክ ይጠፋል። ከጓደኛ ጋር አንዱን መጋራትም አይሆንም፤ ሁለት ሰዎች ሁልጊዜ እኩል ጥልቀት ላይ አይቆዩማ! የፈለግኩት ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ፣ ባትሪውን ራሴ መቀየር የምችለውና ናይትሮክስን (ኦክስጅኑ የበዛ የአየር ድብልቅ) የሚያሰላ ነበር። የሲሊንደሩን ግፊት በገመድ አልባ የሚያሳየውን ዓይነት ተውኩት። የግፊት ጌጁ (መለኪያው) በቂ ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብሬ የያዝኩት ወደ ላይ የሚላክ ረጅም ፊኛ መሳይ ምልክት፣ ክሩንና ፊሽካውን ነው። ርካሽ ናቸው። ጀልባ ያላየው ጠላቂ ግን ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ምልክቱን 5 ሜትር ላይ ሆኖ መላክ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ አስቀድሞ ከአሠልጣኝ ጋር መለማመድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) እና ጫማ፣ ከዚያ ዌትሱት (ሙቀት የሚጠብቅ የመጥለቂያ ልብስ) ገዛሁ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ገደማ በፍጥነት ይወስዳል። ልብሱ ሰፊ ከሆነ ውሃው ውስጡ ይመላለስና ይበርዳል። የበረደው ሰው አየር ቶሎ ይጨርሳል።

ሬጉሌተርና ቢሲዲ መጨረሻ ላይ ቀሩ። ይህ የሚያከራክር ምርጫ እንደሆነ አውቃለሁ። ሬጉሌተር የምንተነፍስበት ዕቃ ነው፣ የራስ ቢሆን ደስ ይላል። ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ሰርቪስ ይፈልጋል፣ ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም። አልፎ አልፎ ለሚጠልቅ ሰው ዕቃውን በደንብ ከሚንከባከብ ማዕከል መከራየት ይሻላል። ስከራይ ሁልጊዜ ራሴ እፈትሻለሁ። ቱቦዎቹ አለመሰንጠቃቸውን አያለሁ። ከዋናውም ከተጠባባቂውም አፍ ደጋግሜ እየተነፈስኩ የጌጁን መርፌ እመለከታለሁ። መርፌው ከፍ ዝቅ ካለ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም ማለት ሊሆን ይችላል። ቢሲዲን በተመለከተ መዘግየቱ ጠቀመኝ። ጃኬት መሰሉንም፣ አየሩ ከጀርባ የሚሞላውንም በኪራይ ሞክሬ የትኛው እንደሚመቸኝ ካወቅኩ በኋላ ነው የገዛሁት።

አሁን ወደ ኮርሶቹ። ናይትሮክስን ቶሎ እንድወስድ የመከሩኝ ነበሩ። ተራው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ናይትሮክስ ከዚያ የሚበልጥ ኦክስጅን ያለው ድብልቅ ነው፣ የተለመደው 32 በመቶ ነው። ናይትሮጅኑ ስለሚያንስ ታች የመቆያ ጊዜ ይረዝማል። እኔ ግን ቁጥር ይዤ ተቀመጥኩ። ፓዲ የሚባለው የመጥለቅ ሥልጠና ድርጅት ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት በተራ አየር 18 ሜትር ላይ እስከ 56 ደቂቃ መቆየት ይቻላል። ከውሃው ወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 18 ሜትር ላይ 56 ሊትር ይጨርሳል። 50 ባር መጠባበቂያ ትተን ከ2400ው ሊትር 1800 ብቻ ብንቆጥር፣ 32 ደቂቃ ገደማ ነው የሚያስኬደው። አየሩ ከሰንጠረዡ በጣም ቀድሞ ያልቃል። ታዲያ ናይትሮክሱ ምን ይጨምርልኛል? 30 ሜትር ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰንጠረዡ 20 ደቂቃ ይላል፣ አየሩም ለ22 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ስለዚህ ናይትሮክስን እስከ 30 ሜትር ከሚፈቅደው አድቫንስድ ኮርስ ጋር አንድ ላይ ወሰድኩ። 32 በመቶው ራሱ ከ33 ሜትር ገደማ በታች ኦክስጅኑ አደገኛ ስለሚሆን ሲሊንደሩን ሁልጊዜ በመለኪያ ራሴ እለካለሁ።

አድቫንስዱ ላይ ጥልቀትና አቅጣጫ ማግኘት ግዴታ ናቸው። ከምርጫዎቹ የመንሳፈፍ ሚዛንንና የማታ መጥለቅን ወሰድኩ። ሌሎቹን በየስማቸው የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች ዘለልኳቸው። ብዙዎቹን ልምድ ካለው ሰው ጋር በመጥለቅ መማር ይቻላል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ሬስኪዩ የሚባለው የነፍስ አድን ኮርስ ነው። በቅድሚያ የመጀመሪያ እርዳታና የልብ ማነቃቂያ ሥልጠና ይጠይቃል። የደከመን ጠላቂ መጎተት፣ የደነገጠን ሰው ከየት አቅጣጫ መቅረብ እንዳለብን፣ ራሱን የሳተን ወደ ላይ ማውጣት እንማራለን። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ የማየው ነገር ተለወጠ። አብሮኝ የሚጠልቀው ሰው አተነፋፈሱ ሲፈጥን፣ ዓይኑ ሲፈጥ፣ እጁ ሲንቀለቀል ከሩቅ አያለሁ። ነገሩ ወደ ችግር ሳያድግ እዚያው ላይ ይቆማል። እስከ አሁን ለመጥለቅ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ለዚህ የከፈልኩትን አልሰስትበትም።

የመድን ዋስትናውን ከዕቃ ግዢ በፊት ነው የገባሁት። በመጥለቅ ለሚመጣ ሕመም የሚሰጠው የግፊት ክፍል ሕክምና ውድ ነው፣ ተራ የጤና መድን ሁልጊዜ አይሸፍነውም። ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ድርጅት እንዲህ ያለ ዋስትናና የድንገተኛ ጥሪ መስመር አለው።

ከዝርዝሩ እስካሁን የቀረው ድራይሱት (ውሃ የማያስገባ የመጥለቂያ ልብስ) ነው። ኮርስም ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አዘውትሬ መጥለቅ እስክጀምር ይቆያል። የሚቀጥለው ገንዘብ ለሬጉሌተሩ ሰርቪስና ለጀልባ መጥለቅ ተይዟል።