ሁለቱም ገመዶች ተበጠሱ

ኒውዮርክ በገባሁ በማግስቱ ጓደኛዬ “መጀመሪያ በሬው!” አለኝ። ማንሃተን ደቡብ ጫፍ ላይ የቆመውን የነሐስ በሬ ማለቱ ነው። ሰው ቀንዱን ይዞ ፎቶ ለመነሳት ተሰልፏል። እኛም ተሰለፍን፣ ተነሳን፣ አለቀ።

እኔን የያዘኝ ከበሬው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ያለው አሮጌው የጉምሩክ ሕንፃ ነው። ድሮ እዚያ ላይ የሆላንዶች ምሽግ ነበር፤ ከተማዋም ኒው አምስተርዳም ትባል ነበር። በ1643 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ያለፈ አንድ ፈረንሳዊ ቄስ፣ አራት አምስት መቶ ሰው በሚኖርበት ቦታ 18 ቋንቋ እንደሚነገር ገዥው ነገረኝ ብሎ ጽፏል።

ከነዚያ ሰዎች አንዱ ማኑኤል ነው። ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የንግድ ድርጅት፣ የሆላንድ ምዕራብ ህንድ ኩባንያ፣ ባሪያ ነበር። በ1641 እሱና ስምንት ሌሎች ባሪያዎች አንድ ጓደኛቸውን ገድላችኋል ተብለው ተያዙ። “ማን ነው የገደለው?” ሲባሉ ዘጠኙም “ሁላችንም” አሉ። ዘጠኝ ጉልበተኛ ሰው በአንዴ መስቀል ደግሞ ለኩባንያው ኪሳራ ነው። ዕጣ ተጣለ፤ ማኑኤል ላይ ወጣ። አንገቱ ላይ ሁለት ጠንካራ ገመድ አስገብተው ከመሰላሉ ገፉት። ሁለቱም ተበጠሱ! የተሰበሰበው ሰው “ማሩት” ብሎ ጮኸ። ተማረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስሙ እንደገና ብቅ ይላል። በ1644 አሥራ አንድ ባሪያዎች “18 እና 19 ዓመት አገልግለናል፣ ነፃ አውጡን” ብለው አመለከቱ፤ ማኑኤልም አለበት። ተፈቀደላቸው፣ ግን ግማሽ ነፃነት ነው። በየዓመቱ እህልና አንድ የሰባ አሳማ ይገብራሉ። ልጆቻቸው፣ ገና ያልተወለዱትም ጭምር፣ የኩባንያው ባሪያ ሆነው ይቀራሉ። ይቺን አንቀጽ የጻፈ ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ ወሰደው? የተሰጣቸው መሬትም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሆላንዶቹ ያኔ ከአገሬው ሕዝብ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበሩ፣ እነ ማኑኤልን አጥር አደረጓቸው ማለት ነው።

በብሮድዌይ ሽቅብ ተጓዝን። ዎል ስትሪትን አቋረጥን፤ ስሙ የመጣው በ1653 ከተሠራ የእንጨት አጥር ነው። ከዚያ ዱዌን ጎዳና ደረስን። በ1991 እዚህ የመንግሥት ሕንፃ ለመሥራት መሠረት ሲቆፈር የአፍሪካውያን መቃብር ተገኘ። የ419 ሰዎች አፅም ወጣ። በአካባቢው የተቀበረው ግን 15 ሺህ ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

ሙዚየሙ ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ፍተሻው እንደ ኤርፖርት ነው፤ ቀበቶ ሳይቀር ይወልቃል። ውስጥ፣ እዚያ ከተቀበሩት አንዲት ሴት ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ። ጥርሶቿ ተሞርደዋል፣ ወገቧ ላይ ከመቶ በላይ ጨሌና ዛጎል ታስሯል። ባሪያ ሆና በባዕድ አገር የሞተችን ሴት፣ ጨሌዋን ሳይነኩ የቀበሯት ሰዎች ነበሩ።

አፅሞቹ፣ ጋና ውስጥ በእጅ በተቀረጹ ሣጥኖች ሆነው፣ በ2003 እዚሁ ተመልሰው ተቀብረዋል። ውጭ ሰባት ጉብታ አለ፤ ሣር ለብሷል። ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ለዓመታት ወደ ሥራ ተመላልሷል።

“እኔ እኮ መናፈሻ መስሎኝ ነበር” አለ።