እጅዎ አይደለም፣ ዘሩ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ ግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ውሎዬ ከጋራ መኖሪያ ቤት ነዋሪዎች ጋር ነው። መሬት የሚባል ነገር የለም። ያለው በረንዳ ነው፤ ቢበዛ ከብሎኩ ጀርባ ያለች ጠባብ ቦታ ናት። ሰዉ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በባዶ የቀለም ባልዲ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይተክላል። አፈር በጆንያ አሸክሞ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ቀላል አይደለምና የእነዚህ ሰዎች ልፋት ውሃ ሲበላው ያንገበግበኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ለአንድ ብሎክ እናቶች ሥልጠና ተሰጥቶ የቆስጣ፣ የሽንኩርትና የካሮት ዘር ተከፋፈለ። ዘሩ ከትልቅ ቆርቆሮ እየተሰፈረ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ነው የመጣው። በላስቲኩ ላይ ቀን የለ፣ የዝርያ ስም የለ።

ለክትትል ስዞር የየቤቱ ወሬ አንድ ሆነብኝ። ቆስጣው ወጥቷል፤ ሽንኩርትና ካሮቱ የለም። የገረመኝ ግን ሁሉም ጥፋቱን ወደ ራሱ መውሰዱ ነው። አንዷ ውሃ አብዝቼበት ነው ትላለች፣ ሌላዋ ልጆቹ አፈሩን ነካክተውት ይሆናል ትላለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ሻይ እየቀዱልኝ፣ «ልጄ፣ በከንቱ አትድከም፤ ድሮም እጄ በረከት የለውም» አሉኝ።

ጀሪካኖቻቸውን አየኋቸው። ሥራው የተጣራ ነበር። ታቹን በጋለ ሚስማር በስተውታል፣ ከሥር ጠጠር አድርገዋል፣ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ ብስባሽና ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ቀላቅለዋል። ቆስጣው ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል። አንዱ የቆስጣ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስለሚይዝ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይበቅላልና ማሳሳት ሁሉ ያስፈልገው ነበር። አጠገቡ ያለው የሽንኩርት ጀሪካን ግን ባዶ አፈር ነው። አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው፣ ፀሐዩም ያው። በክብሪት እንጨት ጫር ጫር ሳደርገው ጥቁሩ ፍሬ እንደተዘራ ተገኘ። በጣቴ ስጫነው ላመና ተጨፈለቀ፤ በስብሷል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእጅዎ ቢሆን ኖሮ ቆስጣውም አይወጣም ነበር። ዘሩ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ለማጽናናት ያልኩ መስሏቸዋል።

ከላስቲኩ የተረፈውን ዘር እዚያው ሳህን ላይ አሳየኋቸው። ሶፍት አጥፈን አረጠብን፣ 20 የሽንኩርት ፍሬ ቆጥረን አሰለፍን፣ በሌላ እርጥብ ሶፍት ሸፍነን ሳህኑን በላስቲክ አለበስነው። እንዳይደርቅ እየተጠበቀ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሽንኩርት እስከ 12 ቀን፣ ካሮት እስከ 14 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። ጊዜው ሲደርስ ከ20ው ሽንኩርት 3ቱ ብቻ፣ ያውም ቀጭን ሥር አውጥተው ተገኙ። ካሮቱም ከዚያ አልተሻለም። እማማ ሳህኑን ይዘው ጎረቤት ለጎረቤት ዞሩ። ያን ቀን የሰማሁት ሳቅ የእፎይታ ሳቅ ነበር።

ዘሩን ያቀረበው ነጋዴ ሲጠየቅ አልተከራከረም። ቆርቆሮው የተከፈተው ቀደም ብሎ ነው፤ የተቀመጠውም ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይጨርሰዋል። የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ያህል በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ሁሉም ደግሞ እኩል አይቆይም። ቲማቲምና ቆስጣ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለ4 ዓመት ያህል ይቆያሉ፤ ሽንኩርት ግን ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በኋላ አይታመንም። ከአንድ መደርደሪያ የወረደ ዘር አንዱ በቅሎ ሌላው የቀረው ለዚህ ነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ያልተፈተነ ዘር ለሰው እንዲሰጥ አልስማማም። ሰው አፈርና ጀሪካን ቢባክንበት ይተካዋል። «እጄ አያበቅልም» ብሎ ካመነ ግን ሁለተኛ አይሞክርም፤ ይህ ከዘሩ ዋጋ ይበልጥብኛል።

ሥልጠናው ላይም የዘር ምርጫ ቀድሞ ይነሳል። በረንዳው በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቲማቲምና ቃሪያ ይቅርብዎ እላለሁ፤ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ከዚያ ባነሰም ይረካሉ። ካሮት 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ ሰላጣ ግማሹ ይበቃዋል። ቆርቆሮው ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ድቅል፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለ ነውና ከፍሬው ዘር አስቀርተው ቢዘሩት እናቱን አይመስልም። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ደግሞ መድኃኒት ነክቶታል፤ ልጅ እጅ እንዳይገባ።

«ሙሉ ቆርቆሮ ውድ ነው፣ ላስቲኩን የምንገዛው ወደን ነው?» ያሉኝ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ግን 1 ግራም የሽንኩርት ዘር ከ250 በላይ ፍሬ አለው፤ አንድ ቤት ብቻውን አይጨርሰውም። የዚያ ብሎክ እናቶች ገንዘብ አዋጥተው ያልተከፈተና ቀኑ ያላለፈ ቆርቆሮ ገዙ። የሚቀመጠው እማማ ቤት ነው፤ ከምድጃ ርቆ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ በጠበቀ ጠርሙስ። የሚዘራ ሰው መጀመሪያ ሳህን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል።