የሬጅስትራር ትምህርትና የሥልጣኑ ወሰን

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማሩ ታናናሾቼ ምረቃቸው ሲቃረብ ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ፣ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት (ክስ ተቀብሎ መዝገብ የሚያደራጅ ሠራተኛ ሆኖ) ለመቀጠር ምን ማንበብ እንደሚያስፈልግ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቅሬታ አያጣውም፤ አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ መዝገብ ቤት መቀመጥ ለብዙዎቹ ጠበቃ ወይም ዳኛ እስኪሆኑ ድረስ የሚታገሡት መቆያ ይመስላቸዋል። በሌላ አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ከዳኛ ሥር ሆኖ መዝገብ የሚመረምርና የፍርድ ረቂቅ የሚያዘጋጅ አዲስ ምሩቅ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። በእኛ ፍርድ ቤቶች ግን ተመሳሳዩ ሥራ በሬጅስትራሩና በረዳት ዳኛው መካከል ስለተከፋፈለ፣ ክብሩም አብሮ የተከፋፈለ ይመስላል። እኔ በሥራው ላይ ሆኜ እንዳየሁት ከሆነ፣ ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱ ሕጉን ማወቅ ሳይሆን ሬጅስትራር የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ ነው።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው በአመዛኙ ክስ በሚያቀርበውና ለክሱ መልስ በሚሰጠው ሰው ዓይን ነው። ሬጅስትራር የሚሆን ሰው ግን ያንኑ ሕግ ክሱን በሚቀበለው ሰው ዓይን እንደገና ማንበብ ይኖርበታል። በቁጥር 222 የተዘረዘሩት ነገሮች፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ ስም፣ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ የክሱ ግምትና የሚጠየቀው ዳኝነት በማመልከቻው ላይ ተሟልተው መገኘት አለባቸው። በቁጥር 223 የተጠቀሰው የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር መያያዙን፣ በቁጥር 92 የታዘዘው ማረጋገጫ መፈረሙን፣ የዳኝነት ክፍያው መከፈሉን ማየት የሬጅስትራሩ ሥራ ነው። ክሱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት፣ ከሳሹስ ያሸንፋል ወይስ ይሸነፋል የሚለው ግን የእርሱ ጉዳይ አይደለም። የክስ ምክንያት የለውም ብሎ ክስን ውድቅ ማድረግ በቁጥር 231 ለፍርድ ቤቱ የተተወ ሥልጣን ነው።

ይህ ወሰን በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። ለልምምድ ለሚመጡ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከ12 ዓመት በፊት በተደረገ የብድር ውል ላይ የተመሠረተ ክስ ቢቀርብላችሁ ምን ታደርጋላችሁ እላቸዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 ከውል ለሚመነጩ ጥያቄዎች የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም መብትን በክስ ለመጠየቅ የተወሰነ የጊዜ ገደብ፣ እንደሚያስቀምጥ ሁሉም ያውቃሉ፤ ስለዚህ ጎበዝ ጎበዞቹ ሳይቀሩ «አንቀበልም» ብለው ይመልሳሉ። ቁጥር 1856 ንዑስ ቁጥር 2 ግን ይርጋን ዳኛው እንኳ በራሱ አነሣሽነት ማንሣት እንደማይችል ይደነግጋል። ተከሳሹ መቃወሚያውን ሳያነሣ ቀርቶ ሙግቱን በሥረ ነገሩ ላይ ብቻ ሊያደርግ ይችላል፣ ዕዳውንም ሊያምን ይችላል። ዳኛ ሊያደርገው ያልተፈቀደለትን ነገር ሬጅስትራር በመስኮት በኩል ማድረግ አይችልም።

ወደ ይግባኝ ስንሄድ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323 የተወሰነው የ60 ቀን ጊዜ ካለፈ በኋላ የይግባኝ ማመልከቻ ይዞ የመጣን ሰው ሬጅስትራሩ ራሱ እንዲመልሰው ሕጉ ያዛል፤ ሲመልሰውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ እንዲፈቀድለት በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ግዴታ ብዙ ተማሪዎች አንብበው ያልፉታል። ለእኔ ከጠቅላላው የሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከተጻፉት ድንጋጌዎች ሁሉ ሰብአዊው እርሱ ነው፤ ባለጉዳይን መልሶ ዝም ማለት አይፈቀድም።

መናገርን በተመለከተ ደግሞ ሥልጠናው በቂ ትኩረት አይሰጠውም ብዬ አምናለሁ። መስኮቱ ጋ የሚቆሙት እናቶችና አባቶች «ልጄ፣ ይኼ ነገር ያዋጣኛል?» ብለው ሲጠይቁ መልስ አለመስጠት ጭካኔ ይመስላል፣ መልስ መስጠት ደግሞ ለአንዱ ወገን ጠበቃ መሆን ነው። መካከለኛው መንገድ ግን ሰፊ ነው። የክስ ማመልከቻ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት፣ የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በቁጥር 467 መሠረት በድኃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት እንደሚችል፣ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት ማዕከል እንዳለው፣ የመዝገቡ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ መንገር ይቻላል፤ ይገባልም። የጉዳዩን መጨረሻ መገመት ግን በምንም መልኩ አይቻልም፤ ፊት በማጨፍገግ ወይም በፈገግታ ጭምር።

መጥሪያን ከሌላው ሁሉ አስበልጣችሁ እንድታጠኑ እመክራለሁ። ተከሳሹ በደንብ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ መጥሪያው በአግባቡ ካልደረሰው ግን ሌላ መጥሪያ ይላካል፣ ቀጠሮውም ይራዘማል። በቁጥር 70 ሥር ያሉት እነዚህ አማራጮች የሚለዩት መጥሪያ አድራሹ ይዞት በሚመለሰው ወረቀት ነው፤ ያንን ወረቀት አንብቦ ለዳኛው የሚያቀርበው ሬጅስትራሩ ነው። በሐዋሳ ይህ ቀላል አይደለም። «ታቦር ክፍለ ከተማ» ወይም «መናኸሪያ ክፍለ ከተማ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ አድራሻ መጥሪያ አድራሹን ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ከማዞር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም፤ በተለይ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ መከፈት በኋላ ቤት ተከራይተው በየጊዜው ሰፈር የሚቀይሩ ወጣት ሠራተኞች በርክተዋል። ሬጅስትራሩ ክሱን በሚቀበልበት ሰዓት ቀበሌውን፣ ስልክ ቁጥሩንና በአካባቢው የታወቀ ምልክት መኖሩን ቢጠይቅ፣ በኋላ የሚባክነውን ቀጠሮ ያድናል። በሌለበት የተወሰነበት ሰው መጥሪያ አልደረሰኝም ብሎ በቁጥር 78 መሠረት በ1 ወር ውስጥ ሲመጣ ሙግቱ በሙሉ የሚዞረው በዚያችው ወረቀት ላይ ነው።

ለዳኛው የሚዘጋጀውን የመዝገብ ማጠቃለያ በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለባቸውን የመጨረሻ ፍርዶች የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያሳትማቸውን ውሳኔዎች አውጥታችሁ፣ የክርክሩን ታሪክ ብቻ አንብቡና ጭብጡን (ውሳኔ የሚያስፈልገውን ነጥብ) ራሳችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ችሎቱ ከያዘው ጭብጥ ጋር አስተያዩት። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የችሎቱ የሕግ ትርጓሜ የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ንባቡ ድርብ ጥቅም አለው። ስትጽፉ «ከሳሽ አለ»፣ «ተከሳሽ መለሰ» ከማለት አትውጡ፤ «ከሳሽ እንዳስረዳው» የሚል ሐረግ ገና ያልተወሰነውን ነገር ስለሚወስን ሰርዙት።

ቋንቋም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፣ ክልሉ በ2012 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት የተከፈቱት የቆዩ መዛግብት ደግሞ በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። በዚህች ከተማ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

የተግባር ልምምድ ምደባ ሲደርሳችሁ ሁላችሁም ችሎት መቀመጥ ትፈልጋላችሁ፤ ደስ ስለሚል አልፈርድባችሁም። ከዚያ ጊዜ ውስጥ ጥቂቱን መዝገብ ቤት እንድታሳልፉ ግን አስተባባሪያችሁን ጠይቁ፤ ሰኞ ጠዋት አዲስ ክስ በሚቀርብበት ሰዓት ከሬጅስትራሩ ጎን ተቀምጣችሁ የሚመለሱት ማመልከቻዎች ለምን እንደተመለሱ፣ ለባለጉዳዮቹም ምን እንደተነገራቸው በማስታወሻችሁ ያዙ።