ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት

ዛሬ «አውስትራሊያ» የሚባለውን ፊልም አይተን እንደጨረስን አንዷ ጓደኛችን «እኔ ሁለት ፊልም ነው ያየሁት» አለች። እውነቷን ነው። 165 ደቂቃ ነው፤ የሚያደክመው ግን ርዝመቱ ሳይሆን ስፌቱ ነው። 1,500 ከብት በረሃውን አቋርጦ የወደብ ከተማዋ ዳርዊን ደርሶ መርከብ ላይ ሲጫን ታሪኩ ያለቀ ይመስላል፤ ከዚያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ በፊልሙ የጃፓን ወታደሮች ዳርዊን አጠገብ ያለ ደሴት ላይ ሲወርዱ ተናደደ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ዳርዊን ሁለት ጊዜ ከአየር ተደብድባለች እንጂ እግረኛ ጦር አልወረደባትም።

የውኃ ታንከሩ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ዝም አለ። ፖሊስ ከነባር ሕዝብና ከነጭ የተወለዱ ክልስ ልጆችን ሊወስድ ሲመጣ ክልሱ ልጅ ናላና እናቱ እዚያ ውስጥ ይደበቃሉ። ልጁ ይተርፋል፣ እናቱ ሰጥማ ትቀራለች። እንዲህ ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁ ልጆች በእውነት ነበሩ፤ የወቅቱ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ዳይሬክተሩ ባዝ ሉርማን በ2023 እ.ኤ.አ. ፊልሙን ባለ 6 ክፍል ተከታታይ አድርጎ፣ መጨረሻውንም ቀይሮ አውጥቶታል። ርዝመቱ ላማረራችሁ በዚያ ጀምሩ፤ ስፌቱ እዚያ ብዙም አይጎረብጥም።