ጥጥ አስነክተሻታል?

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የቆዳ ሕመምተኞችን ፎቶ እያነሳሁ አዲስ አበባ ላለች የቆዳ ሐኪም በቴሌግራም መላክ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። በፎቶዎቼ እኮራለሁ። የክፍላችን አረንጓዴ መጋረጃ ቆዳን እንደሚያወይብ ስለደረስኩበት ሰዉን በረንዳ ላይ አወጣለሁ፤ ፍላሽ አልጠቀምም፤ ከጎኑ ማስመሪያ አደርጋለሁ። ቴሌግራም ጨምቆ እንዳያደበዝዘውም በፋይል እልካለሁ።

ግንቦት ላይ (የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ) ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት መጣች። ግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ፣ የግማሽ መዳፍ ያህል ነጣ ያለ ነገር ወጥቶባታል።

«ያሳክክሻል?»

«ኧረ ምንም አይለኝም።»

ይህቺ «ምንም አይለኝም» ጆሮዬ ውስጥ እንደ ጥሩ ዜና ነው የገባችው። ላብ በማይደርቅበት ከተማ ነጣ ያለ ነገር ሲታይ መቼም መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ቋቁቻ ነው። ሦስት ፎቶ ላክሁና ከሥሩ «ቋቁቻ ይመስላል፣ አያሳክክም» ብዬ ጻፍኩ። ማታ መልስ መጣ፦ የፈንገስ ቅባት ትጠቀም፣ በወሩ ትታይ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ነጣ ያለው እንዳለ ነው። መሐሉ ላይ ግን ውኃ የቋጠረ ቃጠሎ አለ።

«ዘይት ነው የፈናጠቀብኝ» አለች።

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጎረቤቴ ናት አይታ የነገረችኝ።»

የያዝኩትን ፋሻ አስቀምጬ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሐኪሟ ገና ሳልጨርስ አቋረጠችኝ፦ «ሲስተር፣ ጥጥ አስነክተሻታል?»

አላስነካኋትም። ጥጡ እኮ እዚያው ትሪው ላይ ነበር።

ጫፉን አሹዬ ዓይኗን አስጨፈንኳት፤ የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ አልኳት። ጤነኛው ቆዳ ላይ ሳይሳሳት ትጠቁማለች። ወደ ነጣው ስገባ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «በይ ጀምሪ እንጂ» አለችኝ። አራት ጊዜ ነክቻት ነበር። ከክርኗ ጀርባ ያለውን ነርቭ ስዳብሰው ደግሞ ከቀኙ ይልቅ ወፍሮ ገመድ ገመድ ይላል።

ሥጋ ደዌ። የሚመለከተው ባለሙያም በአካል አይቶ አረጋገጠ።

ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቢሲዲሞ ልትልኪኝ ነው?» ብላ ነው። ሐረር አካባቢ ያደገ ሰው ይህ ስም ምን እንደሚያስደነግጥ ያውቃል፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የተሠራው ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ነበር። ቤቷ ሆና ለ6 ወር ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን እንደምትወስድ፣ መድኃኒቱም በነጻ እንደሆነ ነገርኳት። ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ፣ ቆዳሽም ጠቆር ሊል ይችላል አልኳት። እሷን የጨነቃት ግን ሌላ ነው፦ «ሳምቡሳዬን ማን ይገዛኛል?» በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒት ከጀመረች ደግሞ ለማንም እንደማታሰጋ ደጋግሜ አስረዳኋት። ማመኗን እንጃ።

በኋላ ሐኪሟ «ቋቁቻ ባትዪኝ ኖሮ ስሜቱን እጠይቅሽ ነበር» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ የማስመሪያና የበረንዳ ጥንቃቄ፣ ከሥሩ የጻፍኳት አንዲት ቃል አበላሸችው። ሐኪሟ ያጣችው ዓይን አልነበረም፣ እጅ ነው፤ እኔ ደግሞ እጄን ትቼ ግምቴን ላክሁላት። አሁን የበሽታ ስም አልጽፍም። ሕመምተኛው ያለውን እንዳለ እጽፋለሁ፣ «ምንም አይለኝም» ካለም በራሱ አባባል። ከሥሩ የጥጡ ውጤት ይከተላል።

ሴትየዋ ስድስቱን ወር ጨርሳለች። የክንዷ ስሜት ግን አልተመለሰም። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳ ትጠብሳለች።